ትከሻው ለተሰበረ ባለቤቴ የምትሆን፣ ብዙ የማትራገጥ ሽጉጥ

የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ፍኖተ ሰላም

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጠይቀው ለባለቤቴ ነው። እሱ እንዲህ ያለውን ነገር አፉን አውጥቶ ማንንም አይጠይቅም፤ እዚህ መጻፌንም አያውቅም።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በርበሬ እንነግዳለን። ከገበሬው ገዝተን በቆርቆሮ መጋዘን እናቆየዋለን፣ ዋጋው ሲሻሻል እንጭናለን። መጋዘኑ ሙሉ በሆነባቸው ወራት እንቅልፍ የለንም። የዛሬ ሁለት ዓመት ባለቤቴ ከአይሱዙ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ተንሸራቶ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ትከሻው ተሰበረ፣ የእጁ አንጓም አብሮ። ትከሻው ውስጥ ብረት ገብቶለታል። አጥንቱ ገጥሟል፤ የቀኝ አውራ ጣቱ ግን እንደ ድሮው አይጨብጥም። የዘይት ጀሪካን ክዳን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ሐኪሙ "ትከሻህን የሚያናውጥ ነገር አትንካ" ብሎታል።

ከአባቱ የወረሰው፣ በስሙ የተመዘገበ ምንሽር አለው። ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ጥምቀት ሲደርስ ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ ሲወለውለው ነው የማውቀው፤ ልጆቹን እንኳ በዚያ ሰዓት በእርጋታ ነበር የሚያናግራቸው። ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሲቀደድ ሰማን። ውሻችንን ከሳምንት በፊት መርዘውብናል። ባለቤቴ ተነሥቶ ምንሽሩን ከግድግዳው አወረደና ወደ ትከሻው ሲያስጠጋው፣ ገና ምላጩን ሳይነካ፣ ክብደቱ ብቻ አቃሰተው። ጠመንጃውን ለኔ አቀብሎኝ ዱላ ይዞ ወጣ። ሌቦቹ የኔን ጩኸት ሰምተው፣ ጎረቤትም ደርሶልን ሸሹ። አራት ጆንያ ይዘው ሄዱ።

አራቱ ጆንያ አላቃጠለኝም። ጠዋት ምንሽሩን በነጠላ ቅዳጅ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወሸቀውና "ኸሱ ጋራ እንግዲህ ተለያየን" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው። አልጋው ላይ ተኛ ብዬ ብለምነው "የኔ መተኛት ምን ይረባል" ይለኛል።

ሽጉጥ ያሰብኩት ያኔ ነው። ሽጉጥ ትከሻ ላይ አይደገፍም፣ በክንድ ነው። ፈቃዱን በስሙ ለማውጣት ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ጠይቀናል፤ ወረቀቱ በእጃችን ሳይገባ አንዲት ብረት ቤቴ አትገባም። እስከዚያው ግን የትኛዋ እንደምትሆነው ማወቅ እፈልጋለሁ።

የአጎቱ ልጅ ፈቃድ ያላት ማካሮቭ አለችው። ባለፈው እሑድ ለቡና ሄደን ሳለ አምጥቶ አሳየን። ካዝናዋን አወጣ፣ ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ ለሁላችንም አሳየ፣ ከዚያ ለባለቤቴ ሰጠው። በቀኝ እጁ ያዛት። አያያዙ ያምራል፣ ልማዱ ነዋ። በግራው ሊያቀባብል የላይኛውን ብረት በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሳበ። ግማሽ ድረስ ተስቦ አመለጠው፤ ቀኙ ማነቅ ስላልቻለ ሽጉጧ በመዳፉ ውስጥ ዞረች። ደግሞ ሞከረ፣ ደግማ ዞረች። ሦስተኛ አልሞከረም። ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣትና "ጥሩ ብረት ናት" ብሎ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ማውራት ጀመረ። እኔ ፊቱን አይቼ ቡናዬን ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት።

ሰዎች የሚጠሩልኝ ሦስት ስም ነው፤ ማካሮቭ፣ ስታርና የቱርክ። የቱርኳን ቀላል ናት፣ ዋጋዋም ግማሽ ነው ይሉኛል። ሌላው ደግሞ ትንሿን ፈልጊ፣ ትንሽ ስትሆን አትራገጥም ይለኛል። የምታውቁ ሰዎች፣ እጁ ለደከመ ሰው ሳትራገጥበት፣ በክፉ ቀን ጥይት ቀርቅራ የማታዋርደው የትኛዋ ናት? ሁለት ልጆች አሉን፣ ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህንንም አስባችሁ መልሱልኝ።


አሥር አለቃው፣ ደጀን

እታለም፣ ባለቤትሽን እግዜር ይማርልሽ። በሠራዊት ውስጥ ብዙ ዓመት መሣሪያ ግምጃ ቤት ስለነበርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከቱርኳ ልጀምር፣ እሷ ላይ እንዳትቸኩይ። በጓሮ በር ከሚመጡት የቱርክ ሽጉጦች ውስጥ ብዙዎቹ ሲፈበረኩ ጥይት እንዲተኩሱ የታሰቡ አይደሉም። ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ ናቸው። በኋላ ሰው በመሰርሰሪያ አፈሙዛቸውን ከፍቶ እውነተኛ ጥይት እንዲያጎርሱ ያደርጋቸዋል። ገላቸው የተሠራው ከለስላሳ ቅይጥ ብረት ስለሆነ ያንን ግፊት አይችሉም። ከውጭ ስታያት ታብለጨልጫለች፣ ከእጅ ስትገባም ቀላል ናት። የአንዷ በርሜል እንደ ሸንበቆ ተሰንጥቆ በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ የያዛት ልጅ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ቱርክ በወጉ የሚሠሩ ጥሩ ሽጉጦችም አሏት። ግን አንቺ በዓይንሽ አይተሽ አትለይውም፣ ሻጩም አይነግርሽም። ግማሽ ዋጋ የሆነችው ለዚህ ነው።

ስታር የስፔን ናት፣ ጥሩ ብረት ነበረች። ፋብሪካው ግን በፈረንጆች 1997 ተዘግቷል። ሞላዋ ቢደክም፣ መርፌዋ ቢሰበር መለወጫ ማግኘት መከራ ነው። ደግሞ ስታር የአንድ ሽጉጥ ስም አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ነው፣ የየራሱ ጥይት አለው። "ስታር አለኝ" የሚል ሰው የየትኛው ጥይት እንደሆነች መናገር ካልቻለ ተይው።

ቶካሬቭ ማንም አልጠራልሽም፣ ግን ይጠሩልሻል፤ አገራችን ውስጥ አለች። 7.62 በ25 ነው ጥይቷ (የጥይቱ ስፋትና የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው)፤ ትንሽ ጥይት በብዙ ባሩድ ነው የሚሄደው። ድምፅዋና እሳቷ በጨለማ ቤት ውስጥ ዓይንና ጆሮ ይደፍናል። የጥንቱ ሥሪት የጥንቃቄ ቁልፍም የለው። ልጆች ላሉበት ቤት አልመክርም።

ማካሮቭ ላይ እንምጣ። በሶቪየት ጦር በ1951 የታጠቀች ናት፣ 8 ጥይት ትይዛለች፣ ባዶዋን 730 ግራም ያህል ትመዝናለች። በርሜሏ ከገላዋ ጋር የተጣበቀ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ሲተኮስ ተንሸራታቿን (ባለቤትሽ የሳባትን የላይኛዋን ብረት) ይዞ የሚያቆያት ሌላ መቆለፊያ የለም፤ የብረቱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ናቸው። ባለቤትሽን ያስቸገረው ሞላ የጠነከረው ለዚህ ነው፤ ቢላላ ኖሮ ተንሸራታቿ ቶሎ ወደ ኋላ ትወረወር ነበር። በዚህ አሠራሯ ምክንያት ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፣ ጭቃና አቧራ ችላ ትሠራለች። ርግጫዋ መካከለኛ ነው። ጥይቷ 6 ግራም ያህል ሆኖ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከክላሽ ጋር ለኖረ ሰው ምንም አይደለም፤ መዳፍ ውስጥ ግን ፈጠን ብላ ትመታለች፣ ይህንን አልደብቅሽም።

አሁን ባለቤትሽ ያደረገውን አስቢው። በሁለት ጣት ቆንጥጦ ሳበ ብለሻል። ጎበዝ ጎረምሳም በሁለት ጣት ቢቆነጥጣት ታመልጠዋለች። እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ ከኋላ ያለችውን መዶሻ በግራ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይሳባት። ሰው ይህንን አያውቅም፤ መዶሻዋ ቀድማ ከተሳበች ተንሸራታቿ ትቀላለች፣ ምክንያቱም የመዶሻዋን ሞላ አብራ አትገፋም። ከዚያ ሽጉጧን ወደ ደረቱ ያስጠጋት፣ አፈሙዟ ማንም ወደሌለበት ግድግዳ ይሁን። ግራ እጁን ከላይ ገልብጦ ተንሸራታቿን በአራት ጣቱና በመዳፉ ሙሉ ይጨብጣት። ግራው በቦታው ይቁም፣ ቀኙ እጀታውን ወደ ፊት ይግፋ። መግፋት የአውራ ጣት ሥራ አይደለም፣ የክንድና የደረት ነው። በዚህ ዘዴ ከአርባ አምስት ኪሎ የማይበልጡ ልጃገረዶች ሲያቀባብሉ ዓይቻለሁ፣ አስተምሬአለሁም።

ሲተኩስ ደግሞ እኔ ብሆን ግራውን ዋና አደርገው ነበር። ግራው ደኅና ነው፤ ቀኙ ይደግፍ። ክርኖቹን ትንሽ አጠፍ ያድርግ፤ ርግጫው ክርኑ ላይ ይለዝባል፣ ወደ ትከሻው የሚደርሰው ይቀንሳል። ሁለት ክንዱን እንደ ዘንግ ግትር ካደረገ ግን ቀጥታ ብረቱ ወደገባበት ነው የሚሄደው።

ለመለማመጃ ጥይት አያስፈልግም። ባዶዋን፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት፣ ተንሸራታቿ ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡለት። ምላጩን ሲስብ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ይቅር። መዶሻዋ ካልተሳበች የማካሮቭ የመጀመሪያ ምላጭ ከባድ ነው፣ መዶሻዋን አብሮ ስለሚያነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ሳንቲሙ በከባዱ ካልወደቀ እጁ ተስተካክሏል ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልቀር፤ የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው። ከሌሎቹ ሽጉጦች ብዙዎቹ 9 በ19 ናቸው። ሁለቱም "ዘጠኝ ሚሊ" ይባላሉ፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ስትገዢ ቀለሃው ሥር ያለውን ጽሑፍ አይተሽ እንጂ በሻጭ አፍ አይሁን።


የቢቸናዋ ነርስ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እኔም በዚህ ነገር አልፌበታለሁ፤ በተገላቢጦሽ።

የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። ባለቤቴ ለኔ ብሎ አንዲት ትንሽ፣ ከኪስ የምትገባ ባለ ጎማ ሽጉጥ ገዛልኝ። ባለ ጎማ ያልኩት ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገቡባትን ነው። ግማሽ ኪሎ አትሞላም። "ለሴት እጅ ትሆናለች" አሉት፣ አመነ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። መለማመጃ ቦታ ይዞኝ ሄደ፣ አንድ ጊዜ ተኮስኩ፣ የመዳፌ ሥጋ በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መሐል ተላጠ። ሁለተኛውን ስተኩስ ገና ምላጩን ሳልስብ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አልነካኋትም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበረች።

"ትንሽ ስትሆን አትራገጥም" ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል። አንቺ የጣናን ታንኳ ታውቂያለሽ። ታንኳ ላይ ቆመሽ ትልቅ ድንጋይ ብትወረውሪ ታንኳዋ ወደ ኋላ ትሸሽና ትወድቂያለሽ። ያንኑ ድንጋይ ከትልቁ የሞተር ጀልባ ላይ ብትወረውሪ ጀልባው አይሰማውም። ሽጉጥም እንደዚያው ነው፤ ያው ጥይት ከከባድ ብረት ሲወጣ እጅ ላይ ይለዝባል፣ ከቀላል ብረት ሲወጣ ይመታል። ለደከመ እጅ የምትሆነው ሙሉ መዳፍ የምትሞላው፣ ትንሽ ከበድ የምትለው ናት።

እዚህ አሜሪካ በሕጋዊ ቦታ ሽጉጥ በሰዓት ተከራይቶ መሞከር ይቻላል። በኋላ ራሴ ሄጄ ስድስት ዓይነት ሞከርኩ። የመረጥኳት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የምትባለዋን፣ .380 የሚባለውን ጥይት የምትተኩሰዋን ናት፤ በ2018 የወጣች፣ 8 ጥይት የምትይዝ። ሞላዋ ላላ ያለ ስለሆነ ተንሸራታቿን እንደ መሳቢያ ነው የምከፍታት። አንድ ጉድለት አላት ግን፤ እጀታዋ ጀርባ ላይ በመዳፍ ተጨቁኖ ካልተያዘ የማይተኩስ ቁልፍ አላት። ጭብጡ ለደከመ ሰው ይህ ወጥመድ ነው። ቤሬታ ደግሞ ትናንሽ ሽጉጦች አሉት፣ ቁልፏን ስትነኪ በርሜሏ እንደ ሳጥን ክዳን ብድግ የምትል፤ የመጀመሪያዋን ጥይት በጣትሽ ታስቀምጪና ትዘጊያለሽ። ማቀባበል የለም። አንድ እጅ ብቻ ለሠራለት ሰው የታሰበች ትመስላለች። እነዚህ እናንተ ዘንድ በፈቃድ ይገኙ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የነገርኩሽ ስትመርጪ ምን ምን እንደምታዪ እንዲገባሽ ነው።

.22 የሚባለውን ትንሹን ጥይት የሚመክሩሽ ይኖራሉ። ርግጫ የለውም ማለት ይቻላል። ግን ማቀጣጠያው በቀለሃው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ሳይነድ የሚቀር ጥይት ይበዛዋል። ለልምምድ ግሩም ነው፣ ለክፉ ቀን አልተማመንበትም።

ሌላም አለ፣ አሥር አለቃው የዘለሉት። የእጅ አንጓ ልል ሲሆን ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ተንሸራታቹ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለስና ቀለሃው ይቀረቀራል። ሰው ሽጉጡን ይረግማል፣ ጥፋቱ የአንጓ ነው። ስለዚህ ሽጉጥ ከመምረጥ በፊት እጁን አጠንክሩት። እንደ ነርስ ልንገርሽ፤ ለአውራ ጣት ጭብጥ ሊጥ ማሸት የታወቀ ሕክምና ነው። በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ሳያሳምም። ሐኪሙን ጠይቁ፣ ትከሻውን የያዘው ብረት እንዴት እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።


መምህሩ፣ ሞጣ

ስለ ሽጉጥ የምለው የለኝም፣ እነ አሥር አለቃ ይበቃሉ። እኔን ያስጨነቀኝ የስድስት ዓመቱ ልጅ ነው።

አጎቴ ሽጉጡን ትራስ ሥር ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ረስቶ ወደ ገበያ ወጣ። የአክስቴ ልጅ አልጋ ስታነጥፍ አገኘቻት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሁለት እጇ ይዛ እናቷ ወዳለችበት ጓዳ ወሰደቻት፣ "አባዬ ረስቶ ሄደ" ብላ። ጥይት ጎርሳ ነበር። ምንም አልሆነም። ምንም ሳይሆን ያለፈውን ያን ቀን ግን አክስቴ እስካሁን ታወራዋለች።

ሽጉጧ ከመምጣቷ በፊት ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ሳጥን ያሠሩ። ብየዳ ቤት ያለ ልጅ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ቁልፉ ከሰው አንገት አይውረድ። ከዚያ ውሻ ተኩ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ አንዱ በግቢ ውስጥ የታሰረ፣ ከሰው እጅ በቀር የማይበላ። የመጋዘኑ ጥግ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የፀሐይ መብራት አለ፣ ባህር ዳር ይሸጣል። ሽጉጥ ሰው አይቀሰቅስም፤ ውሻና መብራት ናቸው የሚቀሰቅሱት።

ደግሞ እህቴ፣ በርበሬ ተሸክሞ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ እንዳይተኩስ ቀድመሽ ተነጋገሪው። ሕጉም የሚፈቅደው ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ከመጣው አደጋ ጋር የሚመጣጠን መከላከልን ነው። ደም ከገባ ደግሞ በኛ አገር ሽማግሌ ሰብስቦ እርቅ ለማውረድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ።


የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ፍኖተ ሰላም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዘግይቼ የመለስኩት ሥራ ይዞኝም ነው፣ የነገራችሁኝን ሞክሬ ልመለስ ብዬም ነው።

መጀመሪያ መጻፌን ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "አንብቢልኝ" አለኝ። የአሥር አለቃውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። የነርሷን ስጨርስ ደግሞ "እሷ ሴትዮ ዓይኗን የጨፈነችው ፈርታ አይደለም፣ አሟት ነው" አለ። ስለ ራሱም የሚናገር መሰለኝ፣ አልጠየቅሁትም።

ለሐኪሙ አሳየነው። ትከሻውን አገላብጦ አይቶ፣ ክርኑ ከታጠፈ ትንሽ ግፊት እንደማይጎዳው ነገረን፤ ጠመንጃ ግን አሁንም አይሆንም። ስለ ሊጡም ጠየቅሁት፣ "በጣም ጥሩ" አለ። እኔ ባለቤቴ እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ጎጃም ውስጥ ወንድ ሊጥ ሲያሽ ማን አይቶ ያውቃል? ማታ ልጆቹ ሲተኙ የዳቦውን ዱቄት አስቀርቤለት ጓዳ ገባሁ። ተመልሼ ስመጣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ወንበሩን ወደ ምድጃው አስጠግቶ እያሸው ነበር። አውራ ጣቱ ሊጡ ውስጥ ስትገባ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ይኸው አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ባለፈው ረቡዕ የዘይቱን ጀሪካን ከእጄ ወስዶ ከፈተው። ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩም፤ ዞሬ ሽንኩርቴን ከተፍኩ።

ትናንት ወደ አጎቱ ልጅ ቤት ተመልሰን ሄድን። በሩን ዘግተን፣ ካዝናዋ ወጥቶ፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ። መዶሻዋን በግራ አውራ ጣቱ ሳባት። ሽጉጧን ደረቱ ላይ አደረጋት፣ አፈሙዟን ወደ ጭቃው ግድግዳ። ግራ መዳፉን ከላይ ጫነባት፣ ቀኙን ወደ ፊት ገፋ። ጠቅ ብላ ሙሉ ተከፈተች። የአጎቱ ልጅ "አይ አንተ!" ብሎ ሳቀ፤ ባለቤቴ አልሳቀም፣ ደገመው። አራት ጊዜ ደገመው። አራተኛዋ ላይ አንጓው ሲደክም አየሁ፣ በቃ አልኩት፣ እሺ ብሎ አቆመ። እሺ ማለቱ ራሱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሳንቲሙንም ሞከርን። በግራ እጁ ይዞ ቀኙን ደግፎ፣ ከሰባቱ ሁለቴ ወደቀ።

ስለዚህ ማካሮቭን ወስነናል፣ ወረቀቱ ሲመጣ። የቱርኳን ነገር ከሰማሁ በኋላ "ግማሽ ዋጋ" ያለኝን ሰውዬ ስልኩን አላነሣለትም። ለመምህሩ፤ ሳጥኑን ብየዳ ቤት አዝዤዋለሁ፣ ውፍረቱን ሦስት ሚሊ አድርገው ብየዋለሁ። ሁለት ቡችሎች ከእንጅባራ አስመጥቻለሁ። በሚሸሽ ሰው ላይ ስለ መተኮስ ያልከውን ሳነብለት "ሰው በርበሬ አይደለም" አለኝ፤ ይህንን ከሱ አፍ መስማቴ አሳርፎኛል።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ፣ አሥር አለቃ። በግራ ሲይዛት የጥንቃቄ ቁልፏ ከማዶ በኩል ሆነችበት። ቁልፏ በሽጉጧ ግራ ጎን ነው ያለችው፣ ለቀኝ አውራ ጣት የተሠራች። የግራ አውራ ጣቱ አይደርስባትም፤ ጠቋሚውን መልሶ ሊደርስ ሲሞክር አያያዙ ይፈርሳል። መላ ካለህ ጻፍልኝ።


አሥር አለቃው፣ ደጀን

እታለም፣ ደስ አሰኘሽኝ። መላው ቀላል ነው።

ማካሮቭ ቁልፏ ወደ ላይ ሲሆን ጥንቃቄ ላይ ናት፣ ወደ ታች ሲሆን ለተኩስ ክፍት ናት። ሌሎች ሽጉጦች አንዳንዶቹ በዚህ ይገለበጣሉ፣ ስለዚህ ይህንን በቃሉ ይያዘው። ደግሞ ቁልፏ ወደ ላይ እያለች ተንሸራታቿ አትንቀሳቀስም፤ ትቆለፋለች፣ ማቀባበል አይቻልም። ልጆች ላሉበት ቤት ጥይት ሳትጎርስ ነው መቀመጥ ያለባት፣ ይህ አይቀየርም። እንግዲያው በሳጥኑ ውስጥ ጥይት ሳትጎርስ፣ ቁልፏ ወደ ታች ሆና ትቀመጥ። በክፉ ሰዓት ባለቤትሽ ቁልፍ መፈለግ የለበትም፤ ካዝናዋን ያስገባል፣ እንደ ትናንቱ ደረቱ ላይ አድርጎ ያቀባብላል፣ አለቀ። ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ሳይቸኩል፣ አፈሙዟ ወደ ምድር ሆኖ፣ በቀኝ እጁ ቁልፏን ወደ ላይ ይግፋት፤ መዶሻዋ በራሷ ትወርዳለች፣ አይደንግጥ፣ አትተኩስም፣ አሠራሯ ነው። ቀጥሎ መጀመሪያ ካዝናዋን ያውጣ፣ ቁልፏን ወደ ታች መልሶ የጎረሰችውን ጥይት ያውጣ፣ ጥይት የምትጎርስበትን ጉረሮዋን በዓይኑ ይይ፣ በጣቱም ይዳስስ።

ካዝናዋን ሲያወጣ ማንጠልጠያዋ ከእጀታው ሥር መሆኗን አይቷል? እሷ ጠንካራ ናት፣ ለደከመ አውራ ጣት ትከብዳለች። በግራ መዳፉ ተረከዝ ወደ ኋላ ይግፋት፣ በአውራ ጣት አይሁን። ሊጡንም አይተው።


የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ፍኖተ ሰላም

አንብቤለታለሁ። "ጥይቱንና ሽጉጧን በአንድ ሳጥን አናደርግም፣ ሁለት ቁልፍ ይሁን፣ አንዱ ኸኔ ጋራ አንዱ ኸሷ ጋራ ብለሽ ጻፊለት" ብሎኛል። ብየዳ ቤቱ ሁለተኛ ትንሽ ሳጥን ጨምሮ እንዲሠራ ዛሬ ጠዋት ራሱ ሄዶ ነገረው።

ምንሽሩንም ከቆጡ አውርዶ ወለወለው። ወደ ቦታው ግድግዳው ላይ ሰቀለው።